በማግስቱ ጣልኩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ እርግዝና ዝግጅት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ምግቡም ስለ ምርመራውም ጥሩ ብላችኋል። ስለ እኛ ግን አንድ መስመር የለም። እኛ ማለቴ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒት እየወሰድን ልጅ የምናስብ ሴቶች።

ሰርትራሊን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ከባለቤቴ ጋር እንውለድ ስንባባል አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ «ኧረ ቶሎ አቁሚው፣ ፅንሱን ይጎዳል» አለችኝ። በማግስቱ ጣልኩት። ብዙም ሳይቆይ ያዞረኝ ጀመር። ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ የነካው ያህል ይነዝረኛል፣ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ወር ድብርቱ ራሱ ተመልሶ መጣ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን አልጠላሁትም፤ ክኒኑም ግን ያስፈልገኝ ነበር።

በኋላ ያየችኝ የአእምሮ ሐኪም፣ ሰርትራሊን በእርግዝና ላይ በደንብ ከተጠኑት አንዱ እንደሆነና ብዙ ሴቶች እየወሰዱት እንደሚወልዱ ነገረችኝ። ይቁም ከተባለም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። ሁሉም ክኒን ግን አንድ አይደለም። ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) የሚታዘዘው ቫልፕሮኤት የፅንሱን አከርካሪና አእምሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ከመፀነስ በፊት ከሐኪም ጋር ማለቅ አለበት። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም በቀን 400 ማይክሮግራም ቀድሜ እንድጀምር አደረገችኝ። ያልታከመ ድብርት እናትንም ልጅንም እንደሚጎዳ ግን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እባካችሁ አንድ የአእምሮና አንድ የማህፀን ሐኪም አብራችሁ ጠይቁልን። ለእኛ ሁለቱን ማገናኘት የወራት ወረፋ ነው፤ ለእናንተ ሁለት ስልክ መደወል ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ