በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በፖሊስ እጅ አይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ፣ መጀመሪያ በመንዝ ኋላም በደብረ ብርሃን፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ከጎረቤቴ ጋር የተመላለስሁበት አንድ አቤቱታ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ በጫኝና አውራጅነት የሚተዳደር የ19 ዓመት ወጣት ነው። ዓርብ ማታ በስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘና ፍርድ ቤት የቀረበው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው መንገድ ግን በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ልጁ ሲቀርብ ግራ ክንዱን ማንሣት አይችልም ነበር። በኋላ ዕቃውን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀና ተለቀቀ። እናቱ «ጋሼ፣ ልጄ ንጹሕ ከሆነ የመታው ሰው ምን ሊባል ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አብሬያቸው ሄድሁ።

ተረኛው ፖሊስ ቃላቸውን ሳይመዘግብ ወደ አዛዡ መራን። አዛዡ በጨዋነት ተቀብለው አነጋገሩን፤ ጉዳዩን እንዲያጣራ የመደቡት ግን ልጁን መታ የተባለው መርማሪ የቅርብ አለቃ የሆነውን ሰው ነው። የመዝገብ ቁጥርም ሆነ የቀጠሮ ቀን አልተሰጠንም። በሦስተኛው ምልልሳችን «ተጣርቶ አልቋል» ተባልን፤ ምን ተብሎ እንዳለቀ ብንጠይቅ የውስጥ ጉዳይ ነው የሚል መልስ አገኘን። እኔ በሠራሁበት ቤት በአንዲት ፍየል የተነሣ ክርክር እንኳ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ውሳኔው ይጻፋል፤ ባለጉዳዩም ግልባጭ ይወስዳል። የሰው ክንድ ከፍየል አንሶ በቃል ተጀምሮ በቃል ሲዘጋ በማየቴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ ይህ ድንጋጌ በአስቸኳይ ጊዜም የማይገደብ መሆኑን አንቀጽ 93 ያረጋግጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ችግሩ ድንጋጌው በማን እጅ ይሠራል የሚለው ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚመሠርተው ፖሊስ በሚያጠናቅረው የምርመራ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ተከሳሽ ሊሆን የሚገባው መርማሪ ጉዳይ ተመልሶ በባልደረቦቹ እጅ ይወድቃል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቢኖሩም መርምረው የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባሉ እንጂ መርማሪውን ከሥራ አያግዱም።

ለፖሊሶቹም እቆረቆራለሁ፤ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ወጣት ኮንስታብል ምስክር ለመፈለግ ተሽከርካሪ፣ አሻራ ለማንሣት መሣሪያ ሳይኖረው ወንጀሉን በቶሎ እንዲያወጣ ሲታዘዝ፣ በእጁ ያለው ተጠርጣሪው ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን በአውጫጭኝ የአገሩን ሰው ሁሉ ሰብስበው ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሳይበትኑ ያቆዩ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በአዋጅ ሲቋቋም ከዚያ ወጥተን ማስረጃ ፈልጎ ወደሚያቀርብ ሙያ እንድንሸጋገር ነበር፤ ሰውን እስኪያምን ድረስ ማቆየት ግን ያንኑ አውጫጭኝ መድገም ነው። በአስገዳጅነት የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት እንደማይቀበል ሕገ መንግሥቱ ስለሚናገር፣ መርማሪው ደክሞበትም መዝገቡ አይጸናም።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ ከፖሊስ ዕዝ ውጭ የሆነ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች፤ ደቡብ አፍሪካም በፖሊስ ላይ የሚቀርብ ክስን የሚመረምር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አላት። የኬንያው ሥራ ፈተና እንደማይለየው ብናውቅም፣ ባለጉዳዩ ከበደለው ሰው አለቃ ሌላ የሚሄድበት ደጃፍ ማግኘቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስም ሆነ የክልል ፖሊሶች ራሳቸው ሊመሩት በማይችሉት እንዲህ ባለ አካል ሥር እንዲጠየቁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ሊያወጣ ይገባል። እስከዚያው ግን አዋጅ ሳይጠበቅ ዛሬ ሊደረግ የሚችል አለ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ አቤቱታ ቁጥር መስጠትና ውጤቱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የፖሊሱም ስምና መለያ ቁጥር በደረቱ ላይ እንዲነበብ ማድረግ ነው። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና ከተደራጁ ወዲህ የደንብ ልብሱ መልክ ስለበዛ፣ የአካባቢያችን ሰው የትኛው የማን ባልደረባ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያቅተዋል፤ የማይታወቅን ሰው ደግሞ መክሰስ አይቻልም።

በእኛ አገር «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ደንብ የለበሰ ሰው ሳይኖር ይቆማል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ሽንፈትን የሚችል፣ ያለ ፍርድ መቅረትን ግን የማይችል ሕዝብ ነው። የልጁ እናት ቢረቱም አይከፋቸውም ነበር፤ የከፋቸው ሳይሰሙ መሸኘታቸው ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ለፌዴራልና ለክልል ፖሊስ ኮሚሽኖች አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብልን እለምናለሁ፦ ባለፈው ዓመት በአባሎቻችሁ ላይ ስንት አቤቱታ ተቀበላችሁ፣ ስንቱስ ፍርድ ቤት ደረሰ? የሚሰጡትን መልስ፣ ባይሰጡም ያለመስጠታቸውን፣ እባካችሁ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን