ስለ ካላዛርና ስለ ውሾቻችን

ሰላም ናችሁ አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ ስለ ካላዛር፣ ማለትም ጣፊያን ስለሚያሳብጠው የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ፣ «የሚያመጣው ውሻ ነው» የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ተበተንን። እኔ ድምዳሜው ቸኩሏል ባይ ነኝ።

በሜዲትራኒያን ዙሪያ በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማንያ ኢንፋንተም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ዋና ማደሪያውም ውሻ። ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማና ሁመራ ወርደው ሆዳቸው ተነፍቶ የሚመለሱትን የጎጃም ልጆች የያዛቸው ግን ሌላው ዝርያ፣ ሊሽማንያ ዶኖቫኒ ነው። እሱን የአሸዋ ዝንብ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው ያዛምተዋል ተብሎ ይታመናል። ውሻ ምን ያህል እጁ እንዳለበት አሁንም ያከራክራል።

ችግሩ ሁለቱ ጥገኞች በማይክሮስኮፕ አይለዩም። ከጣፊያ የተቀዳውን ናሙና በጊምሳ ማቅለሚያ ቀልማችሁ ስታዩ ሁለቱም ያው ናቸው፦ አንዲት ክብ ነጥብ፣ አጠገቧ አጭር ሰረዝ። ዓይን እስኪፈዝ ብታፈጡ ለውጥ የለውም። ፈጣኑ የደም ምርመራ፣ የአርኬ 39 ስትሪፕም፣ ዝርያ አይነግራችሁም። የሚለየው ፒሲአር (የጥገኛውን ዘረመል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) እና የዘረመል ንባብ ነው።

ስለዚህ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከስቶ ፀጉሩ የሚረግፍና ጥፍሩ ያለልክ የረዘመ ውሻ ካያችሁ ንገሩን። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ናሙና ውሰዱ። ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ የሁለቱ ናሙና በአንድ የቤት ኮድ ይመዝገብ። ያለዚያ ጥገኛው አንድ ይሁን ሁለት ማነጻጸር አይቻልም። ውሻ መግደል ግን አይታሰብም፣ አደራ።