የአባባን ደብተር ፈልግልኝ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክ? እናትህ እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? ልጆቹስ?

ከአባትህ ከአባባ ተዝካር ወዲህ ድምፄን አልሰማህም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንተም ግን አልደወልክም። ይቅር ለእግዜር ተባብለን እንለፈው። የዛሬው ጉዳዬ የሚያድር አይደለም።

እዚህ ጎንደር ያለን የቆላ ልጆች ተሰባስበን የገንዳ ውኃንና የመተማን ታሪክ በመጽሔት ልናወጣ ነው። ቡና ላይ የተጀመረ ወሬ ነበር፤ አሁን ረቂቁ አልቋል። እንዳርመው ተሰጠኝና ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆምኩ። «ሰፋሪው ሲደርስ አገሩ ሰው የማያውቀው ዱር ነበር» ይላል። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ዱር መሆኑ እውነት ነው። ሰው አያውቀውም ማለት ግን ምን ማለት ነው? ጉሙዞቹስ? ማሽላቸውን እየዘሩ፣ ማር እየቆረጡ ስንት ትውልድ ኖረውበታል። የጭልጋና የአርማጭሆ ገበሬም ሞፈር ዘመት እየወረደ ያርስ ነበር፤ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ደጋ ቤቱ ይመለሳል። የሱዳን ድንበር ላይ ያለችውን መተማ ዮሐንስንም ተመልከት። እኛ የምናውቃት በአፄ ዮሐንስ ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ግን የተክሩሮች ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር መካ ለሐጅ ሲመላለሱ እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ጥጥ ዘሩ፣ ገበያ አቆሙ፣ በራሳቸው ሼህ ተዳደሩ። ግብር ለኢትዮጵያም ይከፍሉ ነበር፤ ለሱዳን ገዢም ይከፍሉ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ገበያው ደርቶ ነበር። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይሄም መጻፍ አለበት እላለሁ።

እና ያቺን ከተማ ያቆማት መንገደኛ ነው። እኛም ከላስታ መንገደኞች ሆነን ደረስን። ታሪኩን ከእኛ መጀመር እነዚያን ሁሉ መሰረዝ ነው። ይሄን ብዬ ስብሰባው ላይ ተናገርኩ፤ ድምፄም ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም።

የእኛውም ታሪክ ቢሆን በትክክል አልተጻፈም። በ1995 ዓ.ም. ሰፈራው ሲጀመር የተባለውን ታስታውሳለህ። በፈቃደኝነት፣ በዚያው በክልሉ ውስጥ። ለአባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ እስከ 8 ወር ቀለብ። ካልተስማማህ አገር ቤት ያለው መሬትህ ለ3 ዓመት ይጠበቅልሃል። ለላስታ ገበሬ 2 ሄክታር ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። በአገር ደረጃ የታቀደው ለ440 ሺህ አባወራ ነበር። ረቂቁ ይሄን ሁሉ ቁጥር ደርድሮ «ኑሯቸው ተለወጠ» ብሎ ይዘጋል።

ወባውስ? ካላዛሩስ? ዋልካው፣ ያ ጥቁሩ አፈር፣ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ የምትደበቀው የአሸዋ ዝንብ የስንቱን ጣፊያ አሳበጠች! ዛሬም እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብትሄድ፣ ለሥራ ቆላ ወርዶ ካላዛር ይዞት የመጣ ጎልማሳ ታገኛለህ። ጓዙን ጠቅልሎ ላስታ የተመለሰውስ ስንት ነው? ስለ እነሱ አንድ መስመር የለም።

የአባባ ደብተር የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው። ቀለብ ሲታደል የሚጽፉበት፣ ጥግ ጥጉ በላብ የጠቆረው ሲናርላይን ደብተር። ከላይ የአባወራው ስም፣ የመጣበት ወረዳ። ከሥሩ የሚስቱና የልጆቹ ስም በዕድሜ ተራ። ዳር ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል፦ «ተመለሰ»፣ ወይም «አረፈ»፣ ወይም «አረፈች»።

ልናገረው? ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።

እህቴን ታስታውሳታለህ። በመጀመሪያው ክረምት፣ በወባ። ፎቶ የላትም፣ የልደት ወረቀት የላትም። ቤተ ክርስቲያን ገና ስላልተተከለ የቀበርናት ግራሩ ሥር ነበር። ግራሩ ተቆረጠ፤ ቦታው ዛሬ ሰሊጥ ይዘራበታል። እናቴ ስሟን ሳትጠራ ሞተች፤ አባቴም አይጠራትም። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖር ያ ደብተር ብቻ ነው። ለመጽሔቱ ነው ብዬ ብቻ ልጽፍልህ ነበር። ካንተ ግን ምን ደብቄ አውቃለሁ? አባባ እንዴት አድርገው እንደጻፏት፣ ዕድሜዋን ስንት እንዳሉ፣ እሱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

በቃ፣ ወሬ ልለውጥ።

ጥቅምት በገባ ቁጥር ምን ትዝ እንደሚለኝ ታውቃለህ? ሳሉጎቹ፣ የሰሊጥ አጫጆቹ፣ ከደጋ በአይሱዙ ተጭነው ሲደርሱ። ማጭዳቸው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅሎ፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። የታችኛው ፍሬ ቢጫ ማለት ሲጀምር ካልታጨደ ፍሬው ይከፈትና መሬት ይበላዋል። ስለዚህ ጠል ሳይነሳ፣ ገና በጨለማ ይጀምራሉ። ነዶው ታስሮ አፉን ወደ ላይ አድርጎ በሂላ፣ በክምር፣ ይቆማል። ሲደርቅ ሂላውን የሚያፈርስ ሰው እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው፤ ቢያነቃንቀው የዓመቱ ልፋት ይፈሳል። ከዚያ ሸራው ላይ ዘቅዝቆ መታ መታ ሲያደርገው፣ ያ ሹልል የሚለው ድምፅ! አንተማ ሸራው ዳር ተቀምጠህ እየዘገንክ መቃም ነበር ሥራህ። እማማ ይመስክሩ። ያ ሁሉ ሰሊጥ ሆድህ ውስጥ ባይቀር ኖሮ አባባ ሁለተኛ በሬ ይገዙ ነበር።

ሳሉጎቹም ረቂቁ ውስጥ የሉም። እነሱ ባይኖሩ አንድም ሄክታር አይታጨድም ነበር። አንድ ገጽ እንዲሰጣቸው ጠይቄያለሁ፤ የምጽፈውም እኔው ነኝ።

አሁን ሥራህን ልንገርህ። እማማን አዲስ አበባ ስትወስዳቸው ያስጫኑህ የቆርቆሮ ሳጥን አለ አይደል? ደብተሩ እዚያ ውስጥ፣ ከአባባ ጋቢ ሥር መሆን አለበት። በመኪና እንዳትልከው፤ የመንገዱን ነገር ታውቃለህ። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሳው። በቴሌግራም ስትልክ በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ከላክኸው ጽሑፉ ይደበዝዛል። ቀይ እስክሪብቶው በደንብ እንዲታይ ቀን፣ መስኮት አጠገብ አንሳው።

እማማንም አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ያለበትን ወርደው ያሳዩን የጉሙዝ ሽማግሌ ማን ይባሉ ነበር? አባቴ ጠፍቶበታል። እማማ ከሚስትየዋ ጋር ማሽላ ይለዋወጡ ስለነበር አይረሱትም። ስማቸውን ካገኘሁ ያን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አውጥቼ እሳቸውን አስገባለሁ። የመጽሔቱ ልጆች ተስማምተውልኛል፤ ስም ከመጣ ብቻ ነው ያሉኝ።

ከፋሲካ በፊት ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ስለዚህ አትዘግይ። ዝም ካልክ በቀጥታ ለእማማ ነው የምደውለው፤ ያኔ ለሁለታችንም ቁጣ አያንሰንም።

ወንድምህ
ጎንደር፣ አዘዞ