ስለ ማጀቱ ጉዳይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ ከነአራሷ ከነሕፃኗ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ውኃው በፈረቃ ከመሆኑ በቀር ኮዬ ፈጬም ደህና ናት።

«ልጄን ፌሚኒዝም ማጀት አስገባብኝ» ብለው በእህቴ በኩል የላኩት ወቀሳ ደርሶኛል። ማጀት መግባቴ እውነት ነው፤ ገንፎ አገነፋለሁ፣ የሕፃኗንም ጨርቅ አጥባለሁ። ይህ የሴቶች ነገር ለሴት ብቻ የቆመ ነው ባሉት ግን አልስማማም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ሲሟገቱ ቆይተው በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሻለ፤ ራስነቱ ቀረ፣ የጋብቻ ዕድሜውም ለሁለቱም 18 ሆነ። እርስዎ በዚህ ወንዱ ምን እንዳጣ ይቆጥራሉ። እኔ ራስነቱ እርስዎን ምን እንዳሸከመዎት አስባለሁ።

ፋብሪካው ሠራተኛ የቀነሰ ጊዜ፣ ከሥራ ከወጡም በኋላ እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃዎን አንጠልጥለው በማለዳ ይወጡ ነበር። እማዬ ታውቅ ነበር፤ እንድነግርዎትም ፈቅዳልኛለች። ከባልደረባዎ ሚስት ገበያ ላይ ሰምታ፣ እንዳያፍሩ ብላ ዝም አለች። ጥጥ እየፈተለች በድብቅ አስቤዛውን ትሞላለች፤ እርስዎ በድብቅ ይበደራሉ። አንድ ችግር፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ሰው ተደባብቆ ተሸከመው። ራስ የተባለ ሰው «እርዱኝ» ማለት አይሆንለትማ! እኔ አምና ደመወዜ ሲዘገይ በዚያው ምሽት ለባለቤቴ ነገርኳት፤ የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ በእሷ ደመወዝ ከፈልን።

ተሟጋቾቹን በሁሉም ነገር እደግፋለሁ ማለቴ አይደለም። ወንድን ሁሉ ገና አፉን ሳይከፍት በዳይ የሚያደርጉትን አልወድም። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ወንበር መቁጠር ግን ቀላሉ ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 120 ቀን ሲፈቅድ ለአባት የፈቀደው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በሦስት ቀን ጠያቂ እንኳ መጥቶ አያልቅም! የቀረውን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ወሰድሁ። ስለ እነዚህ ሦስት ቀናት የሚጮህ ብዙ አልሰማሁም። ጉዳቱ ደግሞ ዞሮ ለሴቷ ነው፤ ቀጣሪ ወጣት ሴት ፊቱ ስትቀመጥ 120ውን ቀን ያሰላል፣ ወንዱ ላይ ምን ያሰላል? የአባትየው ፈቃድ ቢረዝም እሷም ሥራ ታገኛለች፣ እኔም ልጄን አሳድጋለሁ።

ክርስትናው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ መነሻዎን ያሳውቁኝና መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። ወጡን የምሠራው እኔ መሆኔን ለአጎቴ አይንገሩብኝ፤ ሳይቀምስ ነው የሚያማው።

ልጅዎ