ጉዳዩ፦ ቃል የተገባው የንድፍ ግምገማ ስላለመሰጠቱና ስለ ደረሰብኝ መጉላላት

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሥልጠና ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክፍያ ስፈጽም በተሰጠኝ መርሐ ግብር ላይ፣ በሥራ ላይ ላሉ ኢንጂነሮች በተዘጋጀው የሶፍትዌር ንድፍ ሥልጠና ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን ንድፍ አሠልጣኙ አንድ በአንድ ተመልክቶ አስተያየት እንደሚሰጥበት በግልጽ ሰፍሯል። እኔም 14,000 ብር የከፈልኩት በዋናነት ለዚያ ግማሽ ቀን ነበር፤ የዩኤምኤልን፣ ማለትም የሶፍትዌር ንድፍ የሚሣልበትን መደበኛ የሥዕል ቋንቋ፣ ምልክቶች ብቻ ለማወቅ ቢሆን ኖሮ ከመጽሐፍ አነብባቸው ነበር።

በዕለቱ እየሠራነው ያለውን የክፍያ ሥርዓት ሲኩዌንስ ዲያግራም (መልእክቶች በምን ቅደም ተከተል እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ሥዕል) በትልቅ ወረቀት አትሜ ይዤ ቀረብኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ከእኛ ሰርቨር ወደ ባንኩ የሚሄደውን መልእክት ጫፉ በተሞላ ቀስት ስዬዋለሁ፤ ነገር ግን ባንኩ ጥያቄውን ተቀብሎ ውጤቱን ቆይቶ የሚልክ በመሆኑ ቀስቱ ክፍት ጫፍ ሊኖረው አይገባም ወይ? አሠልጣኙ ወረቀቱን እንኳ በእጃቸው ሳይዙ «ቀስት ያው ቀስት ነው፤ ፕሮግራመሩ ይገባዋል» ብለው ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ። የተሞላው ጫፍ ላኪው መልስ እስኪመጣ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ክፍቱ ግን ልኮ ሥራውን እንደሚቀጥል የሚያመለክት መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም ነበር። ፕሮግራመሩ ሥዕሉን አምኖ መልስ የሚጠብቅ ኮድ ቢጽፍና የባንኩ መልስ ቢዘገይ፣ ሥርዓቱ ክፍያው እንዳልተሳካ ቆጥሮ ጥያቄውን እንደገና ሊልክ፣ የደንበኛውም ሂሳብ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። በዚያ ቀስት ላይ የተከራከርኩት ለሥዕሉ ውበት አልነበረም።

ግምገማው «በጊዜ እጥረት» ለሌላ ቀን ተላለፈ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሯችሁ ድረስ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት እንድመለስ ተነግሮኛል። ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ስደውል ደግሞ ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ «ሰርተፊኬትህን ወስደሃል አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ዘጉብኝ። ስመዘገብ «እርስዎ» ስባል ቆይቼ ገንዘቡ ከገባ በኋላ «አንተ» የሆንኩበት ምክንያት ግልጽ አልሆነልኝም።

ዝም ብዬ ያለፍኳቸውን ነገሮችም ለመጥቀስ እገደዳለሁ። በስላይዶቹ ላይ ዩኤምኤል ዘጠኝ ዓይነት ዲያግራም እንዳለው ተጽፎ፣ ከእነርሱም አንዱ «ኮላቦሬሽን ዲያግራም» ተብሏል። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በ2.0 ዕትም «ኮሙኒኬሽን ዲያግራም» በሚል ተተክቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 2.5.1 ዕትም ደግሞ 14 ዲያግራሞች አሉት። የታደለን ጥራዝ በኮፒ ማሽን የተባዛ ስለነበር የሥርዓቱን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን በሚያሳዩት የክላስ ዲያግራሞች ላይ ባዶው የአልማዝ ምልክት ተደፍኖ ከተሞላው ጋር አንድ ሆኗል፤ በዚህም የተነሳ ክፍሉ ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚጠፋበትን ግንኙነት ከማይጠፋበት መለየት አይቻልም። ለአንድ ዓመት ያገለግላል የተባለው የመሣያ ሶፍትዌር ፈቃድም በ30ኛው ቀን ተዘግቷል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ላቀርብ ያሰብኩት የግምገማውን ጥያቄ ብቻ ነበር። አሁን ግን የቋንቋውን የአሁኑን ዕትም የሚያውቅ ባለሙያ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ንድፌን ከእኔ ጋር ተቀምጦ እንዲመለከት፣ ይህ ካልሆነ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ በሁለቱም መንገድ ቢሆን ስለ ማክሰኞው የስልክ መልስ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠየቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋልና፣ በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማቀርብ መሆኑን አስታውቃለሁ።

መርሐ ግብሩን፣ የክፍያ ደረሰኙንና አሠልጣኙ ያላዩትን ንድፍ ቅጂ አያይዣለሁ። ቅጂው ሲነሳ የቀስቶቹ ጫፍ እንዳይደፈን ጥንቃቄ አድርጌያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጥቅምት ወር ሠልጣኝ