ደብዳቤ ለልጄ፦ ሥዕሎችሽን በጅምላ ከመሸጥሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሥራዎችሽን ይዘሽ የሄድሽበት ጋለሪ ሥዕሎቹን በቅጡ እንኳ ሳይመለከት «ከዚህ ቀደም የት አሳይተሻል? ሥራሽንስ እነማን ገዝተዋል?» ብሎ እንደ መለሰሽ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ነጋዴ ቤትሽ ያሉትን ሥዕሎች በሙሉ በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ለመውሰድ እንደ ጠየቀሽ የጻፍሽልንን ከእናትሽ ጋር አንብበናል። ፒያሳ ፍሬም ስሠራ በኖርሁባቸው ዓመታት የሥዕል ገበያውን ከጓዳው በኩል ስላየሁት፣ በስልክ በጥድፊያ ከምነግርሽ ይልቅ የማውቀውን በጽሑፍ ላስረዳሽ መረጥሁ።

በመጀመሪያ፣ የተጠየቅሽው ጥያቄ ስለ ችሎታሽ አለመሆኑን ተረጂልኝ። ሥዕል እንደ ጤፍ በሚዛን አይሸጥም፤ በአንድ መጠን ባሉ ሁለት ሸራዎች በአንደኛው አምስት ሺህ፣ በሌላው አምስት መቶ ሺህ ብር ሊጠየቅ ይችላል፤ ልዩነቱን በራሱ ዐይን የሚመዝን ገዢም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገዢው የሚያምነው ከእርሱ አስቀድመው ያመኑትን ነው። የትኛው ጋለሪ አሳየው፣ የትኛው ሙዚየም ገዛው፣ በየትኛው ካታሎግ ታተመ፣ አሁን በማን ቤት ተሰቅሏል የሚለው ታሪክ ዋጋውን ይሠራል። ይህን ታሪክ ከጀማሪ ሠዓሊ መጠየቅ ግን ታሪኩ የሚጻፍበትን በር ዘግቶ ታሪክሽን አምጪ ማለት ነው። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍነቱን አልሸሽግሽም።

ታላላቆቻችንም ቢሆኑ ይህን በር በችሎታቸው ብቻ አልከፈቱትም። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ የሄዱት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድጋፍ ሲሆን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታም የተማሩት ጀርመን አገር ኮሎኝ ነው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእስክንድርን ሥራ ሲገዛ፣ ሠዓሊው በፓሪስ ዓመታትን ኖረው ስለ ሥዕል በሚጽፉና ሥዕል በሚገዙ ሰዎች ዘንድ ታውቀው ነበር። አንቺ የተመረቅሽበት የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ ሠዓሊዎችን ሲያፈራ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ከምረቃው በኋላ ተመራቂውን ወደ ገበያው የሚያሻግር ማንም የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም ስትቀርብ ሥራቸው የታየላት ተስፋዬ ኡርጌሳ፣ ከአለ ትምህርት ቤት ቀጥለው ሽቱትጋርት የተማሩ ናቸው። እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ዓለም ያወቃቸው ኤልያስ ስሜም ከኪውሬተሯ (ዐውደ ርእይ ከምታሰናዳው) ከመስከረም አሰግድ ጋር ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። የብዙዎች መምህር የሆኑት ታደሰ መስፍን ደግሞ የለንደን ገበያ የተቀበላቸው ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው። ስማቸውን የማነሣው ከእነርሱ መካከል ብቻውን ተጉዞ የደረሰ ሰው እንደሌለ እንድታዪ ነው።

በውጭው ገበያ ሠዓሊ ለራሱ ቆሞ የሚገባበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የተጀመረው 1-54 የተባለው የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትርዒት እንኳ ቦታ የሚሰጠው ለጋለሪዎች ነው። ጋለሪውም ለቦታው፣ ለጭነቱና ለመድኑ ብዙ ስለሚያወጣ፣ ያልታወቀ ስም ተሸክሞ መሄድ ያስፈራዋል። ሥዕሉ ሲሄድም ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ሠዓሊው ደግሞ ቪዛ ተከልክሎ በገዛ ዐውደ ርእዩ መክፈቻ ላይ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

የአገር ቤቱ ገበያ ከኤምባሲና ከዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች፣ ከሆቴሎችና ከባንኮች፣ ከውጭ ከሚመጡ ወገኖቻችን ብዙም አያልፍም። በኮሮናና በጦርነቱ ጊዜ የውጭ ሰዎች ሲወጡ የፍሬም ትእዛዝ እንዴት እንደ ጠፋ አንቺም ታስታውሻለሽ። ከእነዚህ ገዢዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ዐይኗ የጎላ ቆንጆ፣ የቡና ሥርዓት ወይም ላሊበላን ነው። አንቺ የምትሥዪው የኮንዶሚኒየም ደረጃና ውኃ ለመቅዳት ተሰልፎ ያደረ ቢጫ ጀሪካን ስለሆነ «ሌላ የለሽም?» መባልሽ አይቀርም። ለእኔ ግን ያ የጀሪካን ሥዕል እስከ ዛሬ ከሠራሻቸው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ በዚህ ምክንያት እንዳትተዪው አደራ። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ስለ ገባ፣ ከውጭ የሚመጣው ቀለም ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ሴት መሆንሽም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው መተዋወቅ የሚደረገው ከዐውደ ርእይ መክፈቻ በኋላ አምሽቶ ነው፤ አንቺ ደግሞ ታክሲ ሳይጠፋ ወደ ቤትሽ መግባት አለብሽ። እነ ደስታ ሐጎስ በሠዓሊነት ጸንተው የቆሙት ሴት ሠዓሊ ማየት ብርቅ በሆነበት ዘመን መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አሁን ስለ ነጋዴው ልምጣ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ አሮጌ ፍሬሙ እንዲቀየርለት ሥዕል አመጣ። ምስማሮቹን ነቅዬ ሸራውን ስገለብጠው ከጀርባው አንድም ፊደል አልነበረም፤ ስምም፣ ርእስም፣ ዓመትም የለውም፤ ፊት ለፊቱ የነበረውን ፊርማም ፍሬሙ በልቶታል። ሥዕሉን ግን አወቅሁት። ሠዓሊው የቤት ኪራይ ደርሶበት በጅምላ ከሸጣቸው አንዱ ነበር፤ ለአዲሱ ፍሬም የተከፈለኝ ገንዘብ ያን ጊዜ ለሥዕሉ ከተከፈለው ይበልጥ ነበር። ደንበኛው ማን እንደ ሣለው አያውቅም። ስነግረው ተደሰተ፤ ሠዓሊው ግን ሥራው የት እንዳለ ስለማያውቅ፣ «ሥራሽን እነማን ገዝተዋል?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብለት ይህን ሥዕል ሊጠራ አይችልም።

በጅምላ መሸጥ የሚጎዳው በዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም። ነጋዴው ሥዕሎቹን ለማን እንደ ሸጠ አይነግርሽም፤ አንዱ ሥዕልሽ በርካሽ መታየቱም የሌሎቹን ዋጋ ይዞ ይወርዳል። አንዴ ከእጅሽ የወጣ ሥራ ቆይቶ ቢወደድም የአንቺ ድርሻ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአዲስ አበባ ተወላጇ ሠዓሊ የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥራ ኒውዮርክ ላይ በሐራጅ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ከተማው ሁሉ አወራ፤ በሐራጅ የሚገኝ ገንዘብ ግን የሻጩ ነው፣ በአሜሪካም ሠዓሊው ከዳግም ሽያጭ እንዲካፈል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ለሠዓሊው ድርሻ ይሰጣል፤ እርሱም ቢሆን ለአንድ ሽያጭ ከ12,500 ዩሮ አያልፍም።

ስለዚህ ሁሉንም አትስጪው። ከፈለገ ሁለቱን ይግዛ፣ ዋጋውም በየሥዕሉ ተለይቶ ይጻፍ። ከሰኞ ጀምረሽ በእያንዳንዱ ሸራ ጀርባ ሙሉ ስምሽን፣ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ መጠኑንና የቀለሙን ዓይነት ጻፊ፤ ፎቶግራፍ አንሺው፤ በመዝገብሽም ማን፣ መቼ፣ በስንት እንደ ገዛው አስፍሪ። በካፌም ሆነ በባህል ማዕከል ከጓደኞችሽ ጋር ያሳየሽውን ሁሉ ቀኑንና ቦታውን አትርሺ። ጋለሪው የጠየቀሽ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፣ ለመጀመርም የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። የሚወክልሽ ጋለሪ ሲገኝም ውሉን በጽሑፍ አድርጊው፤ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ (በውጭ አገር እስከ ግማሽ መውሰድ የተለመደ ነው)፣ ገንዘቡ ከሽያጩ በኋላ በስንት ቀን እንደሚከፈልሽ፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ፣ የፍሬሙና የማጓጓዣው ወጪ የማን እንደሆነ ይገለጽ። ከእኛ በቀር ለማንም አትሽጪ ካሉሽ የጊዜ ገደብ ይኑረው። በቅጂ መብት አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕልሽን የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም፤ ካላንደር ላይ ላትመው የሚል ቢመጣ ለብቻው ይዋዋልሽ።

ለነጋዴው መልስ እስክትሰጪ የሚያስጨንቅሽ የቤት ኪራዩ እንደሆነ እናትሽም እኔም እናውቃለን። የመጪዎቹን ሁለት ወራት ኪራይ በዚህ ሳምንት በባንክ እናስገባልሻለን፤ ብድር አይደለም። አንቺም የሥዕሎቹን መጠን በሴንቲሜትር ጽፈሽ ላኪልኝ፣ የፍሬሙን እንጨት አሁኑኑ ልቁረጥ። የጀሪካኑን ሥዕል ግን ማንም በማንኛውም ዋጋ ቢጠይቅሽ፣ በስምሽ በተሰናዳ ዐውደ ርእይ ላይ ሳይታይ እንዳትሸጪው።

አባትሽ