አባዬ፣ ስለ ሥራህ ንገረኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትንፋሹስ እንዴት ነው? በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ወሬው ሥራህና ሕመምህ ጋ ሲደርስ «እሺ ልጄ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ» ትልና ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ድምፁም ጎርንኗል። አንተ የሰጠኸው ሜትር ከኪሱ አይጠፋም፤ ያገኘውን ሁሉ ይለካል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ባለፈው ከአንተ ጋ ስንመለስ «አያቴ ለምን ደረጃው መሃል ላይ ይቆማል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንቺን ሊጠብቅ ነው» አልኳት። ግን ከላይ ሆና ስትጠብቅህ የነበረችው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሦስቱንም በልጆቹ ወሬ ሞልቼው ነበር።

ሐኪሙ «አስቤስቶሲስ» ያለህ ቀን አጠገብህ ነበርኩ። «ሥራዎ ምን ነበር?» ሲልህ «የጉልበት ሥራ» አልከው። ሌላ አልጨመርክም። ሠላሳ ዓመት በቦይለር ክፍል ውስጥ የጋለ ቧንቧ ስታለብስ እንደኖርክ የነገርኩት እኔ ነኝ። በባልዲ ውስጥ እንደ ሊጥ ስለምታቦካው ነጭ ዱቄት፣ በመጋዝ ስለምትቆርጠው ሽፋን፣ ሁሉንም እኔ ነገርኩት። ያን ጊዜ ያየኸኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። ሚስጥር ያወጣሁብህ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ያ ነጭ ዱቄት አስቤስቶስ ነበረበት፤ ሙቀት የሚቋቋም፣ ቃጫ ያለው ማዕድን ነው። ቃጫው በጣም ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሳንባ ውስጥ ከገባ አይሟሟም። ሰውነት ሊያስወግደው ሲታገል ሳንባው ላይ ጠባሳ ይሠራል፤ ሳንባው እየደረቀ፣ እየጠበበ ይሄዳል። ሐኪሙ ጀርባህን ሲያዳምጥ ቬልክሮ የሚላቀቅ የሚመስል ድምፅ የሰማው ለዚህ ነው። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት፣ የትንፋሽ እንቅስቃሴ፣ ሲያስፈልግ ኦክስጅን፣ እነዚህ ያግዛሉ። ክትባቱን ተወጋህ? ቀጠሮህ አልፏል።

ሲጋራውንም ተው። በረንዳ ላይ ተደብቀህ እንደምታጨስ አውቃለሁ። ሲጋራና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲሆኑ የሳንባ ካንሰር ስጋቱን ያባዙታል። ለብቻ ለብቻ ከሚያደርሱት ይልቅ አብረው የሚያደርሱት እጅግ ይከፋል። በዚህ እድሜህ ልቆጣህ አልፈልግም። ግን ተው፣ አባዬ።

አሁን ስለ እማዬ ልጻፍ።

እማዬ ስትታመም «ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል» ተባለ። ተቀዳላት። እንደገና ሞላ። በኋላ ናሙና ተወስዶ ሜሶቴሊዮማ ተባለ። የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ «የት ነበር የሚሠሩት?» ብለው ጠየቋት። «ቤቴ» አለች። እነሱም «የቤት እመቤት» ብለው ጻፉ። ባልሽ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንተ ግን ኮሪደሩ ላይ ነበርክ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ባርኔጣህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ። ወደ ክፍሏ አልገባህም። «አባትሽ የለም?» ስትለኝ «ደክሞት ነው» እላታለሁ። የመጨረሻዋ ቀን እንኳን የመጣኸው ከመሸ ነው። አባዬ፣ ለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ተቀይሜሃለሁ። ልጆቼን ይዤ ስመጣ፣ በዓል ስንውል፣ አብረን ስንስቅ፣ ቂሙ ከውስጤ አልወጣም። 

አሁን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በለንደን በእማዬ በሽታ የተያዙ 76 ሰዎች ታሪክ ተጠንቶ ታትሟል። ከመካከላቸው 9ኙ በአስቤስቶስ ሥራ አላለፉም፤ የቤታቸው ሰው ግን ይሠራ ነበር። ጎልቶ የወጣው ታሪክ የባሏን የሥራ ልብስ የምታጥብ ሚስት ታሪክ ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። እማዬ ቱታህን ከማጠቧ በፊት ደጅ ወጥታ ስታራግፈው ታየችኝ። ሦስት ጊዜ፣ ክንዷን ዘርግታ። አቧራው ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ደስ እያለኝ አየው ነበር።

አንድ ሰሞን ደግሞ ቱታህን ውጭ ማውለቅ ጀመርክ። ትዝ ይለኛል፣ አሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበርኩ። በርሜሉ አጠገብ አውልቀህ በውስጥ ልብስ ትገባለህ። እማዬ «ጎረቤት ምን ይላል?» ብላ ተቆጣች። ጥቂት ወር ቆየህና ተውከው። ለምን እንደጀመርክ አልነገርካትም። ለምን እንደተውከውም እንደዚሁ።

ያኔ አንድ ሰው የነገረህ ነገር ነበር? ሥራ ቦታ ወሬ ሰምተህ ነበር? ኮሪደሩ ላይ የቀረኸው ለዚህ ነው?

ይህን ስጠይቅህ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንተን ለመክሰስ አይደለም። የሰማኸው ጭምጭምታ ከሆነ፣ አሠሪዎችህ ከዚያ በላይ ያውቁ ነበር። በ1924 በእንግሊዝ ኔሊ ከርሾ የምትባል የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኛ በ33 ዓመቷ ሞተች፤ ሐኪሞች ሳንባዋ ውስጥ ያገኙትን ጽፈዋል። በ1930 የዚያው አገር መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሠራተኛውን መርምረው ሪፖርት አወጡ፤ በማግስቱ ዓመት አቧራን የሚመለከት ደንብ ወጣ። አንተ ገና አልተወለድክም ነበር! በኋላ አንተ ያንን ዱቄት በባዶ እጅህ ስታቦካ ጭምብል የሰጠህ የለም፣ የሥራ ልብስህን እዚያው የሚያጥብ የለም። ቱታውን ወደ ቤት የላኩት እነሱ ናቸው። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ከአንተም ጋር ቢሆን።

ጠበቃ እንያዝ ስልህ የመለስክልኝን ሁሉ ይዤዋለሁ።

«ድርጅቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ» አልክ። ለተዘጋ ድርጅት መድን የሰጠ ኩባንያ ሊኖር ይችላል፤ ድርጅቱን የወረሰም ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ ትልቁ አምራች በ1982 በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ለታመሙ ሰዎች ካሳ የሚከፍል ፈንድ ተቋቋመ፤ ሌሎች ድርጅቶችም በዚያው መንገድ ሄዱ።

«ሦስት ቦታ ሠርቻለሁ፣ የየትኛው አቧራ እንደሆነ በምን ይታወቃል» አልክ። ይኸው ጥያቄ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። በ2002 በሜሶቴሊዮማ ጉዳይ የየትኛው አሠሪ ቃጫ እንደሆነ በሳይንስ መለየት ስላልተቻለ ብቻ ታማሚው ባዶ እጁን አይቀርም ተብሎ ተወሰነ። የእኛ ዳኛ ምን እንደሚል ጠበቃው ይነግረናል፤ ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ግን ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ገንዘብ ምን ያደርግልኛል» አልክ። በዚህ ላይ አለቀስኩ። ክላረንስ ቦረል የሚባል አሜሪካዊ ልክ እንደ አንተ ቧንቧ ሲያለብስ 33 ዓመት ገደማ ኖረ። በ1969 ታመመና ከሰሰ። ጉዳዩ ሳይሰማ በ1970 ሞተ። ሚስቱ ክሱን ቀጠለች። በ1973 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አምራቾች ሠራተኛውን ማስጠንቀቅ ነበረባቸው ብሎ ፈረደ። እሱ ይህን አልሰማም። አባዬ፣ እኔ አንተ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ጊዜም የለንም። ይርጋ የሚባል ነገር አለ፤ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው፣ ካለፈ መክሰስ አይቻልም። በብዙ አገር ለእንዲህ ዓይነት በሽታ ይርጋው መቆጠር የሚጀምረው ዱቄቱን ከነካህበት ቀን አይደለም፤ በሽታውንና ምክንያቱን ካወቅህበት ቀን ነው። በሽታው ከአሥር፣ ከሃያ፣ አንዳንዴም ከአርባ ዓመት በኋላ ስለሚወጣ ነው። ግን አንዴ ካወቅህ ጊዜው አጭር ነው። አንዳንድ ቦታ ጥቂት ዓመት፣ አንዳንድ ቦታ አንድ ዓመት ብቻ። ሐኪሙ ያንን ወረቀት ከጻፈ አራት ወር ሆኖታል።

እስከዚያ ማንም «ከድርጅቱ ነው የመጣሁት» ብሎ ወረቀት ቢያቀርብልህ እንዳትፈርም። ዛሬ ለዚህ በሽታ ብለህ የምትፈርመው ነገር ነገ የባሰ ቢመጣ የመጠየቅ መብትህን ሊዘጋው ይችላል። የምንይዘው ጠበቃ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ላይ የሠራ መሆን አለበት። ካላሸነፈ ክፍያ የማይጠይቅም ይገኛል፤ ቢያሸንፍ ስንት እንደሚወስድ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። እሱን እኔ እጨርሳለሁ። ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነው።

የሥራ ሰዓትህን የምትጽፍባትን ያቺን ደብተር አውጣልኝ። የጡረታ ወረቀትህን፣ የደመወዝ ወረቀት ካለህም እሱን። ቦይለሩ ፊት ተሰልፋችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ። ከጆንያው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ለማስታወስ ሞክር፤ ስሙ ቢጠፋህ ቀለሙን፣ ሥዕሉን። ከፎቶው ውስጥ በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስልካቸውን ፈልግ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከላይ ልጽፈው ነበር፣ አልቻልኩም።

ባለፈው ወር እኔም ሲቲ ስካን ተነሳሁ። የሳንባዬ ሽፋን ላይ ጠባሳ አለ። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰር የሚለወጥም አይደለም፤ ሐኪሟ ይህን ደግማ ደጋግማ ነግራኛለች። ምንም አያመኝም። ክትትል ብቻ ነው። ግን ቃጫው እኔም ጋ እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት ነው። እሷ ግን ጠየቀችኝ፦ «አባትሽ ምን ይሠራ ነበር?»

ከሥራ ስትመጣ ሮጬ እግርህ ላይ የምጠመጠመው እኔ ነበርኩ። ፀጉሬ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። እማዬ «አሮጊቴ» እያለች ታራግፍልኝ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር። ያንን ሰዓት በምንም አልለውጠውም፣ አባዬ። ይህን እወቅልኝ።

ግን እማዬ የለችም። ቱታው ላይ ምን እንደነበር፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያጥበው መናገር የሚችል ሰው አንተ ብቻ ነህ። ለእሷም ለእኔም ምስክራችን አንተ ነህ። በርሜሉ አጠገብ ማውለቅ የጀመርክበትን ምክንያትም ንገረኝ። ምንም ይሁን ምን፣ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። ኮሪደር ላይ አልቀርም፤ አንተም እንዳትቀር።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ልጆቹን ይዤ አልመጣም፣ ብቻዬን ነኝ።

የመጨረሻው ቱታህ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ደብተሩን ፈልገህ ስትገባ እንዳትነካው። አታውርደው፣ አታራግፈው፣ አታጥፈው። በሩን ዝጋና ተወው። በጥንቃቄ የሚያነሳው ባለሙያ እስክናገኝ እዚያው ይቆይ።

የምትወድህ ልጅህ፣
አሮጊትህ